የተንጠለጠለው በግ፦ የድሮ ነጋዴዎች ምልክት ለጎጃም በግ ይሆናል ወይ?

ላሜራና ቀለም (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ የበግ ሥጋና አጎዛ መሸጫ ሱቅ ሊከፈት ነው። ባለቤቶቹ ባነር አይፈልጉም፤ ድሮ ነጋዴ በሩ ላይ ይሰቅለው የነበረው ዓይነት በግ ይሠራልን ብለዋል። ለናሙና ያመጡት ሥዕል ወርቃማ በግ ነው፤ ወገቡን በመቀነት ታስሮ ተንጠልጥሏል፣ ጭንቅላቱና አራት እግሩ ወደ ታች ወርደዋል።

ይህ ምልክት ከየት መጣ? በጉስ ለምን ተሰቀለ? የኛ አገር ነጋዴ ባሶ ገበያ በነበረበት ዘመን በግ ሲሸጥ ምልክቱ ምን ነበር? ላሜራው ላይ ያለውን ሥራ በተመለከተም ልክ፣ ክብደት፣ ዝገት የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። ክረምት ሳይገባ መሰቀል አለበት።

ማኅተም፦

ሥዕሉ የታረደ በግ አይደለም፤ የበግ ጠጉር ምልክት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብባቸው።) ሥሩ የግሪኮች ተረት ነው፦ ያሶን የሚባል ጀግና የወርቅ ጠጉር ያለውን የበግ ቆዳ ፍለጋ በጥቁር ባሕር ዳር ወደ ነበረችው ኮልኪስ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ጆርጂያ ይሄዳል። ስትራቦን የተባለው የጥንት ጸሐፊ ደግሞ የዚያ አገር ሰዎች ጠጉራም ቆዳ ወንዝ ውስጥ ዘርግተው የወርቅ አሸዋ ያጠምዱበት እንደነበር ጽፏል።

ከነጋዴ ጋር የተገናኘው ግን ከ1430 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት የቡርገንዲው መስፍን ፊሊፕ ብሩዥ ላይ «የወርቅ ጠጉር» የተባለ የባላባቶች ማኅበር አቋቋመ። የዚያ አገር ሀብት የሱፍ ጨርቅ ነበርና ስሙ ከገበያው ጋር ገጠመ። አባላቱ አንገታቸው ላይ የሚያጠልቁት ያንኑ ወገቡን ታስሮ የተንጠለጠለ በግ ነው። ተንጠልጥሎ የሚሣለው የተገፈፈ ቆዳ ከነጠጉሩ እንጂ በእግሩ የሚሄድ እንስሳ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ሱፍ ሻጩና ልብስ ሰፊው በኋላ ያንን ወስደው በራቸው ላይ ሰቀሉት፤ «የኔ ጨርቅ መሳፍንት የሚለብሱት ነው» እንደማለት። የኒው ዮርኩ ልብስ ሻጭ ብሩክስ ብራዘርስ በ1850 ወስዶት እስከዛሬ የሱቁ ምልክት ነው።

ሌላም ዓይነት በግ አለ። የፍሎረንስ የሱፍ ነጋዴዎች ማኅበር፣ አርቴ ዴላ ላና፣ ምልክቱ ቆሞ መስቀል ያለበት ሰንደቅ የያዘ በግ ነበር። የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ መጥምቁ ዮሐንስ ነውና «የእግዚአብሔር በግ» ከሚለው ቃሉ የተወሰደ ነው። ማኅበሩ ከ1331 ጀምሮ የከተማዋን ካቴድራል ግንባታ የሚያስተዳድረው እሱ ስለነበር በጉን ሕንፃው ላይ ሳይቀር አስቀርጾታል። አንተ ግን ይህን እንዳትነካ። ጎጃም ውስጥ መስቀል የያዘ በግ ሥጋ ቤት በር ላይ ብትሰቅል የሚመጣብህን ታውቀዋለህ።

እንግሊዞች ደግሞ በጉንም ጆንያውንም ተጠቅመውበታል። በኖርዝሊች ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ባሉት የናስ መቃብር ሥዕሎች ሱፍ ነጋዴው ሲቆም እግሩ ሥር በግና የሱፍ ጆንያ ይታያሉ። አንድ የሱፍ ጆንያ በሕግ 364 ፓውንድ፣ ወደ 165 ኪሎ ነበር፤ ጆንያው ላይ ስም አይጻፍም፣ የነጋዴው የግል ምልክት ይደረግበታል። መስመርና መስቀል የተቀላቀለበት፣ በሁለት ሦስት የብሩሽ ምት የሚያልቅ። ተሸካሚው ማንበብ ባይችልም ምልክቱን ይለየዋል። የአገሪቱ ሀብት ከሱፍ ነው ለማለትም የሎርዶች ምክር ቤት ሰብሳቢ በሱፍ በተሞላ ትራስ ላይ ይቀመጥ ነበር። በ1938 ቢፈታ ውስጡ የፈረስ ጠጉር ሆኖ ተገኘ! ማስታወቂያ ድሮም ማስታወቂያ ነው።

ለሥራህ የሚጠቅምህ ይኸ ነው፦ ለንደን ውስጥ ነጋዴዎቹ ምልክት በማተለቅ እየተፎካከሩ በ1718 አንዱ ምልክት የተሰቀለበትን የቤት ፊት ይዞ ወርዶ አራት ሰው ገደለ። ምልክቱ ብቻውን አይደለም የወደቀው፤ ምልክቱ የተሰቀለበት የብረት ክንድ ግንቡን ነቅሎ ነው። በ1762 ደግሞ ተንጠልጣይ ምልክት ቀርቶ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ታዘዘ፤ ቤቶችም በቁጥር መጠራት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

በግ ተራ፦

ወንድምዓለም፣ ከላይ የተጻፈው ደኅና ነው፤ ግን የተንጠለጠለውን በግ ለጎጃም በግ ከሰቀልከው በር ላይ ውሸት ሰቀልክ ማለት ነው። ያ ምልክት «ጠጉር አለኝ» ይላል። የኛው ዋሸራ በግ ግን የሚፈተል ጠጉር (ሱፍ) የለውም።

ዋሸራ የምዕራብ ጎጃምና የአዊ በግ ነው፤ ዳንግላ በግ የሚሉትም አሉ። ጸጉሩ አጭርና ልሙጥ፣ መልኩ ባብዛኛው ቀይ ቡናማ፣ ወንዱም ሴቱም ቀንድ የሌለው፣ ላቱ ሰፊ፣ ቁመናው ከመንዝ በግ የሚበልጥ። ተሸልቶ የሚፈተል ነገር አይወጣውም። ባና እና ዝተት (የሱፍ ብርድ ልብስ) የሚሠራበት ጠጉር የመንዝ ነው፤ መንዝ ብርድ ስለሆነ በጉም ለባሽ ነው፣ ወንዱም ባለቀንድ ነው። ስለዚህ ጠጉራም ባለቀንድ በግ ሥለህ ደብረ ማርቆስ ብትሰቅል፣ ገበሬው ቀና ብሎ አይቶ «ይኼ የሸዋ በግ ነው» ብሎ ያልፋል።

ስለ ድሮው ገበያ፦ ባሶ ከየጁቤ አጠገብ፣ ከዓባይ መሻገሪያ በላይ ነበር። ከእናርያና ከጉድሩ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ባሪያም ጭምር ይመጣበታል፤ ከሰሜን ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃ ይወርዳል። ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። በዚያ ሁሉ ንግድ ውስጥ ሰሌዳ የለም። ምልክቱ ቦታው ነው፦ በግ ተራ፣ እህል ተራ፣ ጨው ተራ። ገዢው ተራውን ካወቀ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። በር ላይ ምልክት የሚያወጣው ከተራ ውጭ፣ ቤቱ ውስጥ የሚሸጥ ብቻ ነው፤ ጠላ ቤት በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍቶ እንደሚያቆመው። የሚሸጠውን ሳይሆን የሚሸጥበትን ዕቃ መስቀል ማለት ነው፤ ጥሩ ብልኃት ነው።

ነጋዴውም ምልክት ማንበብ ያውቅበታል። ማርትሬዛውን ተመልከት፦ 28 ግራም የሚመዝነው፣ 1780 የተጻፈበት፣ የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር። ፊደሉን የሚያነብ የለም፤ ግን ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዶቃው ተለይቶ ካልታየ፣ ፊቷም ከተፋቀ አይቀበሉትም። አሞሌውም እንዲሁ ነው፤ ጠርዙ የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይወርዳል። አሞሌ ከአርሆ (ጨው ከሚቆረጥበት የአፋር በረሃ) በራቀ ቁጥር ስለሚወደድ፣ አንድ በግ ባሶ ላይ የሚያወጣው አሞሌ ጎንደር ላይ ከሚያወጣው ያንሳል። በጉ ረክሶ አይደለም፤ ጨዉ ተወዶ ነው።

የበጉ ማስታወቂያ ታዲያ በጉ ራሱ ነው። ሻጭ የሚያደርገው ይኸን ነው፦

ፊቱን ወደ ዳገት አድርጎ ያቆመዋል፤ የፊት እግሩ ከፍ ሲል ደረቱ ሰፍቶ ቁመቱ ይጨምራል። ላቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። ጀርባውን በእጁ ወደ ኋላ ያብሳል። ከነጭና ከቀይ በግ መካከል አንድ ጥቁር ካለው ከኋላ ያስረዋል፤ ጥቁር በግ እኩል ሰብቶ እንኳ ገበያ ላይ ዋጋ ይወርድበታል። ሙክት ከሆነ ለብቻው ያቆመዋል፤ ከጠቦት ጋር ካቆመው ገዢው በጠቦቱ ዋጋ ይጀምርበታል።

ለማስባት ፋጉሎ፣ አተላ፣ የባቄላ ገለባ ይሰጣል፤ በአዊና በምዕራብ ጎጃም ግብጦም። ግብጦ ተቆልቶ ለቀናት በወራጅ ውሃ ካልተዘፈዘፈ መራራው አይለቅም፤ በጉ ወይ አይበላውም፣ ወይ ይታመማል። ቸኩሎ ጥሬ ግብጦ የሚሰጥ ሰው በሁለት ሳምንት በጉ እንደከሳ ያየዋል። አተላም ብቻውን አይሆንም፤ ሆዱን ያላላዋል፣ ላቱም በተቅማጥ ይቆሽሻል። የቆሸሸ ላት ደግሞ ገዢ አይነካውም።

ማጭበርበሪያውም የታወቀ ነው፦ ለገበያ ማለዳ ጨው አልሶ ውሃ ማጠጣት። ሆዱ ይነፋል፣ የሰባ ይመስላል። ስለዚህ ዐዋቂ ገዢ ሆድ አያይም። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ከፍቶ ወገቡን ይጨብጣል፤ የአከርካሪው አጥንት ሹል ሆኖ ከተሰማው ሥጋ የለውም። ከዚያ የላቱን ሥር ይጨብጣል። ቀጥሎ የታችኛውን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ይቆጥራል፦ ስምንቱም ትንንሽ የወተት ጥርስ ከሆኑ ዓመት አልሞላውም ወይም ገና ሞልቶታል፤ መካከለኞቹ ሁለቱ ከተቀየሩ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል አልፎታል፤ አራት ከሆኑ ወደ ሁለት፤ ስምንቱም ከተቀየሩ ሦስት ዓመት ተኩል አራት ደርሷል። በመጨረሻ ዋስ ይጠይቃል። ዋስ የሌለው ሻጭ በጉ ምንም ቢያምር የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ላሜራና ቀለም፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ደኅና ነገር ነው። እንግዲያ ወርቃማውን ትቼ ዋሸራ ልሥራ። የሚከብደኝ ጥላው ነው። ጠጉርም ቀንድም ከሌለው በላሜራ ሲቆረጥ ፍየል ወይም ውሻ አይመስልም? ሌላው፣ አጎዛው እንዴት ይታይ?

አጎዛ፦

አጎዛውን ለምን ትሥለዋለህ? ስቀለው እንጂ። ጠላ ቤቱ ጣሳውን እንደሚሰቅል ማለት ነው። ግን የማይበላሽ አጎዛ መሆን አለበት፤ በር ላይ የተሰቀለ አጎዛ ከሁሉ በፊት የሚበላሸው ነው።

በመጀመሪያ ከላይ የተባለውን ላሟላ። ዋሸራን «ጠጉር የለውም» ብሎ ማለፍ ግማሹን ብቻ ማየት ነው። ጠጉር ስለሌለው ነው ቆዳው የከበረው። ጠጉራም በግ ቆዳው ውስጥ የጠጉር ሥር ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ቆዳው ልልና ደካማ ይሆናል፤ የደጋ ኢትዮጵያ በግ ቆዳ ግን ውስጡ የጠበቀ፣ ስስም ሆኖ የማይቀደድ ነው። የውጭ አገር ጓንት ሠሪዎች የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ፈረንጅ በጉን በጠጉሩ አስተዋወቀ፤ እኛ ብንሰቅል የምንሰቅለው ቆዳውን ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከአንድ ልኩን የያዘ በግ የሚወጣ ጥሬ ቆዳ ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል። ጨው ከክብደቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ፣ ማለትም ከ600 እስከ 800 ግራም ይፈልጋል። ጨው የሚነሰነሰው በሥጋው በኩል ነው፤ ጠርዙና የእግሩ ቦታ እንዳይረሳ፣ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከተገፈፈ ከሦስት አራት ሰዓት በላይ ያለ ጨው ከቆየ ጠጉሩ ከሥሩ ይላቀቃል፤ በማግሥቱ አያስታውቅም፣ ሲለፋ ነው በእፍኝ በእፍኝ የሚነቀለው። ለአጎዛ ያ ቆዳ አለቀለት።

ሌሎቹ ጉድለቶች፦ የቢላ ቁርጥ (በጡጫ መግፈፍ እያለ በቢላ የሚቸኩል አራጅ የሚያመጣው)፣ እና እከክ። እከክ በቅማልና በመዥገር መሰል የበግ ዝንብ ምክንያት የሚመጣ ነው፤ በሕይወት እያለ አይታይም ማለት ይቻላል፣ ጠጉሩ ሲነሣ ነው ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ሆኖ የሚወጣው። አጎዛ ከነጠጉሩ ስለሚሸጥ እከኩን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ቆዳ ፋብሪካ የማይቀበለውን ለአጎዛ፣ ንጹሑን ለፋብሪካ መለየት የሱቁ ትርፍ ያለበት ቦታ ነው።

ማድረቂያው ጥላ ነው። በችካል ወጥሮ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ላይ ላዩን አጠንክሮ ውስጡን እርጥብ ያስቀራል፤ ከዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከደረቀ በኋላ ሥጋው ይፋቃል፣ በተወቀጠ ተልባ ወይም በቅቤ እየታሸ ይለፋል። ማልፋቱ ካልበቃ አጎዛው ሲነሣ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል።

በር ላይ የሚሰቀለው፦ ከጣሪያው ክፈፍ ቢያንስ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ይግባ። ጠዋት ወጥቶ ማታ ይግባ። ቀዩን ሳይሆን ነጩን ስቀል፤ ቀዩ በፀሐይ ገርጥቶ የአሮጌ መልክ ያመጣል። በሁለት ወሩ ሸጠው፣ ሌላ ተካ። ለምልክት ብሎ ዓመት ሙሉ ያንኑ የሚሰቅል ሰው ብልና አቧራ እያስተዋወቀ ነው።

ብየዳ ቤት፦

ጥላው ላይ የተነሣው ጥያቄ ትክክል ነው። መልሱ ላቱ ነው። ፍየል ጭራዋ አጭርና ወደ ላይ የቆመ ነው፤ በግ ላቱ ሰፍቶ ወደ ታች ይወርዳል። በጉን ሙሉ በሙሉ በጎን አትሥራው፤ ከኋላው በኩል ትንሽ አዙረው፣ ላቱ ስፋቱ ይታይ። ላቱን ከእውነተኛው ልክ በሲሶ ያህል አስፋው፤ ከመንገድ ማዶ ሲታይ ትክክል ይመስላል። አንገቱን ወደ ላይ አታቁመው፣ ፍየል ያደርገዋል። ወገቡን አስረህ አታንጠልጥለው፤ ጠጉር የሌለው እንስሳ እግሩን አንጠልጥሎ ሲታይ የሞተ ነው የሚመስለው። አራት እግሩ መሬት በሚመስል ቱቦላሬ ላይ ይቁም፣ ቱቦላሬው ይንጠልጠል።

ልኩ፦ 90 በ60 ሳንቲ ሜትር ለተራ መንገድ ይበቃል። በ1.5 ሚሊ ላሜራ ቅርጹ ብቻውን ወደ 4 ኪሎ ይመጣል፤ ከቱቦላሬውና ከሰንሰለቱ ጋር 7 ወይም 8 ኪሎ ያዝ። ከ1 ሚሊ በታች አትውረድ፣ ነፋስ ያጥፈዋል፣ እግሮቹ ላይ ይሰነጠቃል። በአንድ ቀለበት አትስቀል፤ ነፋስ ያሾረዋል፣ ሰንሰለቱ ራሱን ይጠመዝዛል። ሁለት ቀለበት፣ ከዳርና ዳር ሲሶ ሲሶ ገባ ብሎ።

የለንደኑ ነገር እዚህም ይደርሳል። የሚያወርደው የምልክቱ ክብደት አይደለም፤ የክንዱ መሳብ ነው። ክንዱ 80 ሳንቲ ሜትር ከወጣ ግድግዳው ላይ ያለው ሳህን ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው፣ በአራት ብሎን፤ ከላይ ደግሞ ሰያፍ መደገፊያ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ከሆነ ብሎን አይዝም፤ ዘልቆ በውስጥ በኩል በሌላ ሳህንና ዳዶ ይታሰር። ብሎኬት ከሆነ ባዶው ክፍል ላይ አትብሳ። የምልክቱ የታችኛው ጫፍ ከመሬት ከ2.5 ሜትር አይነስ፤ ጭነት ተሸክሞ የሚያልፍ አለ።

ዝገት የሚጀምረው ከተቆረጠው ጠርዝና ከብየዳው ነው፤ ሜዳው ላይ አይደለም። ጠርዙን በፋይል አዶልዱመህ አንቲራስቱን መጀመሪያ በትንሽ ብሩሽ ጠርዙንና ብየዳውን ቀባ፣ ሲደርቅ ሁሉንም አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቀለሙን ሁለት እጅ። በመሐሉ ሌሊት ይደር። የጎጃም ክረምት ቸኩሎ የተቀባን አይምርም፣ በመስከረም ቅርፊቱ ይነሣል። ቀለሙን ቀይ ቡናማ አድርገው፤ ደማቅ ቀይ ካደረግኸው ከሩቅ ሲታይ የተገፈፈ ነው የሚመስለው።

ማኅተም፦

የ«ብየዳ ቤት» ላት ላይ ያለው ምክር ልክ ነው፤ የድሮ ምልክት ሠሪዎችም እንዲሁ አንዱን አካል ያጋንኑ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ፊደል የግድ ካስፈለገ ለ10 ሜትር ርቀት ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ቁመት ስጠው። የኛ ፊደል በእግሩና በቅጥያው ስለሚለያይ ሲጠብ «በ»ና «ቡ» አንድ ይሆናሉ።

ላሜራና ቀለም፦

ገብቶኛል፣ ይባርካችሁ። የቀረኝ አንድ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋው ይቆማል፤ አጎዛው ይሸጣል። 55 ቀን ሙሉ በጉ ተሰቅሎ ሰው ሥጋ አለ ብሎ ይግባ ወይስ ይውረድ?

ብየዳ ቤት፦

አታውርደው፤ በየጊዜው የሚወጣና የሚገባ ብሎን ጥርሱ ይበላል። ሁለት ፊት አድርገው። በአንደኛው በኩል በጉ ይቀባ፣ በጀርባው የተዘረጋ አጎዛ፤ የአጎዛው ቅርጽ ከበጉ ስለሚሰፋ ሁለቱ በአንድ ላሜራ አይወጡም፣ ለየብቻ ቆርጠህ በመሐላቸው የ2 ሳንቲ ሜትር ቱቦላሬ አድርግ። ክብደቱ ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ክንዱን 60 ሳንቲ ሜትር አድርገህ ግድግዳው ጥግ አስጠጋው፣ አንድ ፊት ብቻ ወደ መንገድ ይታያል። ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ መንጠቆ ይሁን፤ በጾም ዋዜማ ከመንጠቆው አንሥቶ ማገላበጥ ነው። በሁለቱ ላሜራ መካከል ውሃ እንዳይጠራቀም ታች ላይ ሁለት ቀዳዳ ብሳ።

በግ ተራ፦

ከፋሲካ በፊት ባለው ገበያ ቀን ላይ መልሰው፤ የፋሲካ በግ የሚገዛው ሰው ከሳምንት በፊት ነው ዋጋ መጠየቅ የሚጀምረው።